በግል ዕዳ ለተያዙ ወገኖቻችን የጠበቃውን በር እናሳያቸው

ይድረስ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት አመራሮች፣ ለአብያተ ክርስቲያናት ሰበካ ጉባኤያት፣ ለመስጊድ ኮሚቴዎች፣ ለእድርና ለእቁብ ሰብሳቢዎች፣ እንዲሁም በአማርኛ ለምታሰራጩ የሬዲዮና የቴሌቪዥን አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ ዕዳ የበዛባቸው ሰዎች ፈቃድ ያለው የባንክራፕሲ (የኪሳራ ሕግ) ጠበቃ በጊዜ እንዲያገኙ ስለመርዳት

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

በትርፍ ጊዜዬ ዕዳ ያስጨነቃቸውን ሰዎች ጠበቃ ቢሮ ድረስ እየሸኘሁ አስተረጉማለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እዚያ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። ሰዎቻችን ጠበቃ ዘንድ የሚደርሱት ያላቸውን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ነው። የ401ኬ የጡረታ ቁጠባቸውን አውጥተው፣ ከቅጣቱና ከታክሱ የተረፈውን ለክሬዲት ካርድ ከፍለው፣ ከዘመድ ተበድረው፣ «ዕዳችሁን በግማሽ እናስቀንሳለን» ላለ የስልክ ድርጅት ለወራት ገንዘብ አስገብተው፣ በመጨረሻ ደመወዛቸው መቆረጥ ሲጀምር ይመጣሉ። ጠበቃውም ወረቀቱን አገላብጦ ካየው በኋላ የሚለው ተመሳሳይ ነው፤ የጡረታው ገንዘብ ባይነካ ኖሮ በሕግ የተጠበቀ ነበር፣ አበዳሪ አይደርስበትም ነበር። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሚነበበውን እናንተም ብታዩት ዝም አትሉም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የማፈራችንን ምክንያት አውቀዋለሁ። በአገራችን የኪሳራ ሕግ ለነጋዴ የተጻፈ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መክሰር ሲናገር የሚናገረው ስለ ነጋዴና ስለ ንግድ ማኅበር ነበር። ደመወዝተኛ ወይም የቤት እመቤት መክፈል ሲያቅታት ፍርድ ቤት ቀርባ ከዕዳዋ ነፃ ትወጣለች የሚል ነገር አልሰማንም። ከዚያ ቀደም በነበረው ዘመን ደግሞ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ እንደነበር አያቶቻችን ነግረውናል። ከዚህ ታሪክ የመጣ ሰው ዕዳውን ቢደብቅ አይፈረድበትም። አሁን የምንኖርበት አገር ግን ሌላ ሥርዓት አለው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ገና በአንደኛው አንቀጹ ኮንግረስ ለመላው አገር የሚሆን የኪሳራ ሕግ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጥቶታል። ዛሬ የሚሠራበት ሕግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የወጣ ሲሆን በ2005 ጠበቅ ብሏል። የሕጉ መንፈስ ቅን የሆነ ግን የከበደው ባለዕዳ አዲስ ጅማሮ ይገባዋል የሚል ነው። ዜግነትም አይጠይቅም፤ እዚህ የሚኖር ወይም እዚህ ንብረት ያለው ሰው ማመልከት ይችላል።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ግለሰቦች በብዛት የሚጠቀሙት ሁለት ምዕራፎችን ነው። ቻፕተር 7 የክሬዲት ካርድ፣ የሆስፒታልና ዋስትና የሌለው የግል ብድርን ይሰርዛል፤ ብዙውን ጊዜ በአራት ወር ገደማ ያልቃል። ቻፕተር 13 ደግሞ መደበኛ ገቢ ኖሮት ወደ ኋላ የቀረበትን የቤት ክፍያ እያሟላ ቤቱን ማዳን ለሚፈልግ ሰው ይበጃል፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚከፈል ዕቅድ ነው። ማመልከቻው ፍርድ ቤት ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ የደመወዝ ቆረጣው፣ የገንዘብ ክሱ፣ የቤት ሐራጁና የሰብሳቢዎች ስልክ በሕግ ይቆማል። የማይነኩ ዕዳዎች አሉ፤ የልጅ ቀለብ፣ አብዛኛው የተማሪ ብድር፣ የቅርብ ዓመታት የገቢ ግብርና በማታለል የተገኘ ገንዘብ አይሰረዙም። በወረርሽኙ ጊዜ ብዙ ባለታክሲዎች፣ የኡበር ሹፌሮችና ትናንሽ ነጋዴዎች ከኤስ.ቢ.ኤ. (ከፌዴራል መንግሥቱ የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት) የወሰዱት በ3.75 ከመቶ ወለድ የሚታሰብ የአደጋ ጊዜ ብድር «የመንግሥት ስለሆነ አይነካም» ሲባል እሰማለሁ። ማጭበርበር ከሌለበት እሱም እንደ ሌላው ዕዳ ሊሰረዝ ይችላል። መያዣ የተሰጠበት ከሆነ ግን መያዣው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ጠበቃ ማየት አለበት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ፤ ሰዎቻችን በማን እጅ ነው የሚወድቁት?

መጀመሪያ የሚሄዱት ታክስ ወደሚሠራላቸው፣ የኢሚግሬሽን ፎርም ወደሚሞላላቸው የአገር ልጅ ነው። በቋንቋቸው ያናግራቸዋል፣ ርካሽ ነው፣ ቢሮውም ከሚገዙበት ሱቅ አጠገብ ነው። ሕጉ ጠበቃ ያልሆነ ሰው የባንክራፕሲ ቅጽ በክፍያ እንዲተይብ ይፈቅዳል። የሚፈቅደው ግን መተየብ ብቻ ነው። የትኛው ቻፕተር እንደሚሻል መንገር፣ የትኛው ንብረት እንደሚተርፍ መወሰን፣ የፍርድ ቤቱን መክፈያ ገንዘብ ከደንበኛው መቀበል ክልክል ነው። ስሙን፣ አድራሻውንና የተቀበለውን ክፍያ ሰነዱ ላይ ጽፎ መፈረምም አለበት። ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግ ፎርም ሞይ ካጋጠማችሁ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። አንድ ቤተሰብ ቤታቸው ሐራጅ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያለ ሰው ባዶ ማመልከቻ አስገባላቸው። ተከታዮቹ ቅጾች ስላልቀረቡ መዝገቡ ተዘጋ። ከዚያ በትክክል ሲያመለክቱ ሕጉ የሰጣቸው ጥበቃ 30 ቀን ብቻ ሆነ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ መዝገቡ ተዘግቶበት እንደገና ለሚያመለክት ሰው ደንቡ ይኸው ነው። ጠበቃቸው ጊዜው እንዲራዘም በጥድፊያ ዳኛ ማሳመን ነበረበት።

ሁለተኛው የስልክ ድርጅት ነው፤ ካርዳችሁን መክፈል አቁሙና ገንዘቡን ለእኛ አጠራቅሙ ይላል። በስልክ የሚሸጥ የዕዳ ማስቀነሻ አገልግሎት አንድም ዕዳ ሳያስቀንስ ክፍያ እንዳይወስድ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ከ2010 ጀምሮ ከልክሏል። ዛሬም ቅድሚያ የሚጠይቁ አሉ። ሕጉን አክብሮ የሚሠራው እንኳ አንዱን አበዳሪ ሲያግባባ ሌላው ከመክሰስ አይቆምም። ቨርጂኒያ ውስጥ የገንዘብ ክስ መጥሪያ ደርሶት በቀጠሮው ቀን ያልቀረበ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል፣ ከዚያ ለተራ ዕዳ እጁ ከሚገባው ደመወዝ እስከ 25 ከመቶ ሊቆረጥ ይችላል። የድርጅቱ ደንበኞች ይህን የሚያውቁት ደመወዛቸው ጎድሎ ሲያገኙት ነው።

ስለዚህ ጠበቃ ያስፈልጋል፤ ያውም የአካባቢው ጠበቃ። ሕጉ የፌዴራል ቢሆንም ማመልከቻው የሚገባው ባለዕዳው ካለፉት 180 ቀናት አብዛኛውን በኖረበት አውራጃ ነው። የአሌክሳንድሪያና የፌርፋክስ ሰው አሌክሳንድሪያ፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ግሪንቤልት፣ የዲሲ ሰው ዲሲ ወዳለው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከአበዳሪ የሚጠበቀው ንብረት መጠን ደግሞ በሦስቱ ቦታ በጣም ይለያያል። የየትኛው ግዛት ሕግ እንደሚሠራ የሚወሰነውም ሰውዬው ባለፉት ሁለት ዓመታት የት እንደኖረ ታይቶ ነው። እኛ ደግሞ ኪራይ ሲጨምር ከዲሲ ሜሪላንድ፣ ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ የምንዘዋወር ሰዎች ነን። ሌላ ግዛት ተቀምጦ በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቅ ቢሮ ይህን በቅጡ ሳይጠይቅ ቢያስገባ ሊተርፍ የሚችል ንብረት ሊጠፋ ይችላል። የባለዕዳውን ንብረትና ሰነድ እንዲመረምሩ በየፍርድ ቤቱ የሚመደቡት ትረስቲ የሚባሉ ባለአደራዎች ምን እንደሚጠይቁ፣ በምን እንደሚጠነክሩ የሚያውቀውም በየሳምንቱ ከፊታቸው የሚቀርበው ጠበቃ ነው።

እንዴት ይገኛል ለሚለው፣ የግዛቶቹ የጠበቆች ማኅበራት ጠበቃ የሚያገናኝ አገልግሎት አላቸው፤ የሸማቾች ባንክራፕሲ ጠበቆች ብሔራዊ ማኅበርም አባላቱን በየአካባቢው ያሳያል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ በሰሜን ቨርጂኒያ ሊጋል ሰርቪስስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ፣ በዲሲ ሊጋል ኤይድ ዲሲ ነፃ የሕግ እርዳታ ይሰጣሉ። የጠበቃው ፈቃድ የጸና መሆኑንና ቅጣት ካለበት በቨርጂኒያ ስቴት ባር ወይም በዲሲ ባር ድረ ገጽ ማየት ይቻላል፤ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙዎቹ የባንክራፕሲ ጠበቆች የመጀመሪያውን ውይይት በነፃ ያደርጋሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት አነጋግሮ መምረጥ ነውር አይደለም። ለጋብቻ ሽማግሌ የምናጣራውን ያህል ለጠበቃም እናጣራ።

ውይይቱ ላይ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ሰው አስቀድሞ በአማርኛ ጽፎ ቢይዝ ደስ ይለኛል። መዝገቤን ራስዎ ይይዙታል ወይስ ረዳት? ከትረስቲው ጋር በሚደረገው ስብሰባ አብሮኝ የሚገባው ማን ነው? እዚህ ፍርድ ቤት ምን ያህል መዝገብ አስገብተዋል? የሚጠይቁኝ ገንዘብ ምን ምን ያካትታል፣ አበዳሪ ቢከራከር ወይም ቅጽ ማስተካከል ቢያስፈልግ ተጨማሪ ነው? በተለይ ደግሞ፣ ለምን 13 እንጂ 7 አይሆንም? የቻፕተር 7 የጠበቃ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ይጠናቀቃል፤ የ13ቱ ግን በዕቅዱ ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ሊከፈል ይችላል። ይህ ለባለዕዳው ምቹ ይመስላል፣ ለጠበቃውም ገቢው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን በግልጽ ማስረዳት ያልቻለ ጠበቃ ሲያጋጥም ሌላ ማማከር ተገቢ ነው። ስለ ንብረት ሳይጠይቅ ዋጋ የሚናገር፣ «ዳኛው በእርግጠኝነት ይሰርዝልሃል» የሚል፣ የጽሑፍ ውል ለመስጠት የሚያንገራግር ጠበቃንም እንተው። ሕጉ ራሱ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ክፍያውም ለፍርድ ቤቱ እንዲገለጽ ያዛል፤ የተጋነነ ከሆነ ዳኛው ሊያስመልስ ይችላል።

የወጪው ነገር ሰውን ያስፈራዋል። የፍርድ ቤቱ መክፈያ ለቻፕተር 7 338 ዶላር፣ ለቻፕተር 13 313 ዶላር ነው። በክፍል በክፍል መክፈል ይቻላል፤ ገቢው ከፌዴራል የድህነት መለኪያ 150 ከመቶ በታች የሆነ ሰው የ7ቱን ጨርሶ እንዲተውለት መጠየቅ ይችላል። የጠበቃው ለቻፕተር 7 ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሆናል። ከማመልከት በፊት በ180 ቀናት ውስጥ ፈቃድ ካለው ድርጅት የብድር ምክር መውሰድ፣ በኋላም የገንዘብ አያያዝ ትምህርት መጨረስ ግዴታ ነው፤ ለሁለቱም መክፈል ለማይችል ነፃ ይደረግለታል።

ከሁሉም በላይ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ማንም የእንግሊዝኛ መመሪያ የማይጽፍልንን የራሳችንን ጉዳይ ነው።

እቁብ። ዕጣው የወጣለት ሰው የቀረውን መዋጮ ዕዳ አለበት፤ ያልወጣለት ደግሞ እቁቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ ንብረቱ ነው። ሁለቱም ማመልከቻው ላይ መጻፍ አለባቸው። ሰዎች እቁቡን «በስም የማይታወቅ ነገር» ብለው ይዘሉታል፣ የባንኩ ወረቀት ላይ ግን በየወሩ ለአንድ ሰው የሚላክ ገንዘብ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ትረስቲውም ይጠይቃል። ሳያመለክቱ በፊት የእቁቡን ወይም የወንድምን ዕዳ ቀድሞ መዝጋትም አደገኛ ነው። ከማመልከት በፊት ባለው አንድ ዓመት ለዘመድ የተከፈለ ዕዳ ከሌሎች አበዳሪዎች አስበልጦ እንደተከፈለ ይቆጠራል፤ ትረስቲው ከዘመዱ ላይ ሊያስመልሰው ይችላል። አደራ በሊታ እንዳይባል ብሎ የከፈለ ሰው ወንድሙን ለክስ ያጋልጣል ማለት ነው። የሚያጽናናው ግን አለ፦ ሕጉ ዕዳው ከተሰረዘ በኋላ ሰው በፈቃዱ ለወደደው እንዲከፍል አይከለክልም። የወንድምን ገንዘብ መካድ አይደለም፣ ጊዜውን ማሳለፍ ነው። ይህን ያስረዳኋቸው ሰዎች ትከሻቸው ሲቀልል አይቻለሁ።

አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም፣ ባህር ዳር ያለ ቦታ፣ በእናት ስም የተሠራ ቤት። ሕጉ የትም ይሁን የት፣ በማንም እጅ ይሁን ንብረቱን ሁሉ አሳዩ ይላል። «እዚህ ማን ያውቃል» የሚል ምክር ሰምቼ ደንግጫለሁ። ንብረት መደበቅ እስከ 5 ዓመት እስር የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ለአረንጓዴ ካርድ ባለቤት ደግሞ ከእስሩ የከፋ ሊመጣ ይችላል። ለጠበቃ በቀጥታ የነገሩት ነገር ግን ምስጢር ነው፤ ብዙ ጊዜም መፍትሔ ይኖረዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ።

ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብም እንዲሁ ነው። ቅጹ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለአንድ ሰው ከ600 ዶላር በላይ የተሰጠ ስጦታን ይጠይቃል። ለእናት መድኃኒት በየወሩ የተላከ ብር ወንጀል አይደለም፤ ሳይጻፍ ሲቀር ነው ጣጣ የሚሆነው። አሥራትና መባም ለሚያሳስባቸው ካህናት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከ1998 ጀምሮ ያለ ሕግ እስከ ዓመታዊ ገቢ 15 ከመቶ ድረስ ለቤተ እምነት የተሰጠውን ትረስቲው እንዳያስመልስ ይጠብቃል። በደንብ የተያዘ የሰበካ ጉባኤ ደረሰኝ እዚህ ላይ ዋጋ አለው።

ዋስ የሆኑትንም አንርሳ። ለአዲስ መጤ ዘመድ መኪና ኮሳይን ያላደረገ ማን አለ? ተበዳሪው ቻፕተር 7 ሲያመለክት የእሱ ዕዳ ይሰረዛል፣ ዋሱ ግን አይድንም፤ አበዳሪው ወደ እሱ ይዞራል። በቻፕተር 13 ለግል ፍጆታ ዕዳ ዋሱም ዕቅዱ እስከቆየ ድረስ ጥበቃ ያገኛል። ይህን ያህል ልዩነት ያለበትን ምርጫ ፎርም ሞይ እንዲወስን መተው የለብንም።

«ዜግነት ይከለክለኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው አስቀርቷል። ባንክራፕሲ ማመልከት ወንጀል አይደለም፤ በራሱ ለዜግነት እንቅፋት የሚሆን ሕግ የለም። መንግሥት በዚህ ምክንያት ብቻ ፈቃድ መንፈግ፣ አሠሪም በዚህ ምክንያት ብቻ ከሥራ ማባረር አይችልም። የክሬዲት መዝገብ ላይ ቻፕተር 7 ለ10 ዓመት ይቆያል፤ ያ እውነት ነው፣ ልንደብቀው አይገባም። ወራት የተጠራቀመበት ያልተከፈለ ካርድም መዝገቡን ቀድሞ አበላሽቶታል።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው ይህ ነው።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምታዘጋጁ፣ ዕዳ እናስቀንሳለን የሚል ማስታወቂያ ከመቀበላችሁ በፊት የጠበቃ ፈቃድ ጠይቁ፤ ፈቃድ የሌለውን ገንዘቡን መልሱለት። የመድረካችሁ ድምፅ በእኛ ዘንድ እንደ ምስክርነት ነው የሚቆጠረው። በዓመት አንድ ሁለቴ ደግሞ ፈቃድ ያለው የባንክራፕሲ ጠበቃ ጋብዛችሁ አድማጭ ስሙን ሳይናገር እንዲጠይቅ አድርጉ።

ማኅበራት፣ በየግዛቱ ያሉ ጠበቆችን አጣርታችሁ ዝርዝር ያዙ፤ ከጠበቃ የሚሰጥ ምንም የምስጋና ገንዘብ አትቀበሉ። የዝርዝሩ ዋጋ በንጽሕናው ነው። አስተርጓሚም አሠልጥኑ። ከትረስቲው ጋር የሚደረገው ስብሰባ ዛሬ በአብዛኛው በዙም ነው፤ አስቀድሞ ለተጠየቀ አስተርጓሚ በስልክ በነፃ ይቀርባል። ከዚያ በፊት ባለው ረጅም ሥራ፣ በጠበቃው ቢሮ ውስጥ ግን ሰው የሚያስተረጉምለት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ነው። ልጅ የአባቱን ዕዳ ቁጥር በቁጥር ሲያነብ ማየት ለእኔ ከባድ ነው። ጎረቤት ወይም ዘመድ ሲያስተረጉምም የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር ሊላላ ይችላል።

ካህናትና ኡስታዞች፣ ሰው ለንስሐም ሆነ ለምክር ሲመጣ ከትዳር ጠብ በስተጀርባ ዕዳ እንዳለ ጠይቁ። ካለ፣ ከመጸለይ ጋር ወደ ጠበቃ ላኩት። የጡረታ ገንዘቡን ከመንካቱ በፊት፣ ከዘመድ ከመበደሩ በፊት፣ የመጥሪያውን ቀን ከማሳለፉ በፊት።

እድሮች፣ ለቀብር የምናዋጣውን ያህል ባይሆንም የፍርድ ቤት መክፈያ ለቸገረው አባል የምትሸፍኑበት አነስተኛ ሣጥን አስቡበት። ገንዘቡ ለግለሰቡ ሳይሆን በቀጥታ ለጠበቃው ወይም ለፍርድ ቤቱ ይከፈል፤ ስሙም በስብሰባ አይነሳ።

ጥያቄዬን ለመወያየት ፈቃደኛ የሆነ ተቋም ሁሉ ቢጠራኝ ጠበቆቹን ይዤ እመጣለሁ፤ ለማስተርጎምም ክፍያ አልጠይቅም። የሰበካ ጉባኤያትና የመስጊድ ኮሚቴዎች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን በአጀንዳ እንድትይዙት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነዋሪ የሆነች የበጎ ፈቃድ አስተርጓሚ